በቆፈነ እጅ ወደ እስቴ ሠርግ

ድሬዳዋ ተወልዶ ያደገ ሰው ስለ ብርድ ሲጽፍ አንባቢው ቢስቅበት አይፈረድበትም። እኛ ከተማ ብርድ የምንለው፣ በታኅሣሥ ንጋት ላይ አንሶላው ሲያንሰንና ነጠላ ስንደርብበት ነው። ብስክሌትም ለእኛ የጥላ መንገድ ጓደኛ ናት፤ ከከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር እየነዳን ፊታችን ላይ የሚመጣውን ነፋስ እንደ ስጦታ እንቀበለዋለን። ነፋስ ጠላት ሊሆን እንደሚችል የተማርሁት ጋይንት ነው። ይህን ጽሑፍ የማዘጋጀውም በተለይ ወደዚያ አገር መሄድ ለማይገጥማቸው ያገሬ ልጆች ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር። ከጉዞው ከተመለስሁ ሰንብቻለሁ፤ በመንገድ ላይ ሳለሁም አንዲት ቃል አልጻፍሁም፤ እጄ ብዕር የሚይዝ አልነበረምና። ትዝታዬን በምስክርነት ብጠራው የሚያሳፍረኝ ይመስለኛል። አንዱን ዳገት ሁለት አድርጎ፣ የአንዱን ሰው ጋቢ ለሌላው አልብሶ ያቀርብልኛል። ስለዚህ እርግጠኛ ያልሆንሁበትን ነገር እርግጠኛ አይደለሁም እላለሁ፤ አንባቢም እንደዚያው ይቀበለኝ።

በጃንሆይ ዘመን፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ትምህርቱን ሳይጨርስ አንድ ዓመት ወደ ገጠር ወጥቶ ያገለግል ነበር። የእኔ ዕጣ ንፋስ መውጫ በአስተማሪነት ሆነ። የከተማይቱን ስም ያወጡ ሰዎች እንዳልዋሹ በገባሁበት ሳምንት አረጋገጥሁ። ይኄይስ የሚባል፣ አዲስ አበባ በአንድ ክፍል አብሮኝ ያደረ ጓደኛ ነበረኝ፤ የእስቴ ልጅ ነው። ለገና እኔ ዘንድ መጣና ከጥምቀት በኋላ ሊያገባ መሆኑን ነገረኝ፤ አንደኛ ሚዜው እንድሆንም ጠየቀኝ።

ለእናቴ አንድ ነኝ፤ ወንድም የለኝም፣ እኅት የለኝም። በዚያ አገር ደግሞ ሚዜነት በሠርጉ ቀን የሚያልቅ ሥራ አይደለም፤ ሚዜ የሆነ ሰው ለሙሽራውም ለሙሽራይቱም ዕድሜ ልኩን ወንድም ነው። ይኄይስ ጠይቆ ሳይጨርስ እሺ አልሁ።

«ቆይ፣ አትቸኩል» አለኝ። «አባቴ አልወደደውም። ምን አለ መሰለህ? ‹የቆላ ሰው እጅ በጥር ውርጭ ይቆፍናል፤ ሙሽራ ይጥላል።›»

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። በአገሩ ልማድ ሙሽራይቱን ከእናቷ ቤት አዝሎ አውጥቶ በቅሎ ላይ የሚያስቀምጣት አንደኛው ሚዜ ነው። ሙሽራ መሬት ከነካች የትዳሩ ነገር አበቃ ይባላል፤ የጣላትም ሰው ስሙ እስከ ልጅ ልጅ አይረሳም። የይኄይስ አባት ግራዝማች አየለ ለዚህ ሥራ የመረጡት የወንድማቸውን ልጅ ሞላን ነበር፤ እጁ እንደ ሞፈር የጠነከረ ገበሬ።

«ታዲያ ምን አልኸው?»

«ተከራክሬ ተከራክሬ አንድ ነገር ፈቀደልኝ። በሠርጉ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከደጃችን በደኅና እጅ ከቆምህ፣ የሚዜው ካባ ያንተ ነው። ካልሆነ ሞላ ይለብሰዋል። እኔም ስላንተ ምዬለታለሁ፤ እንዳታዋርደኝ።»

በጥር ወር በዚያ አገር በቅሎ የሚለምን ሰው በሐምሌ ጃንጥላ እንደሚለምን ነው፤ ያለው ሁሉ ለሠርግ ወጥቷል። እኔ ደግሞ ከድሬዳዋ በባቡርና በጭነት መኪና ያስመጣኋት ብስክሌት ነበረችኝ። የትምህርት ቤቱ ባልደረቦቼ ሲስቁ፣ በእሷ እሄዳለሁ አልሁ።

ሐሙስ

የተነሣሁት ፀሐይ ወገግ ስትል ነው። በሣሩ ላይ አመዳይ ተነጥፎ ነበር፤ ለማያውቀው አገሬ ሰው፣ አመዳይ ማለት ሌሊቱን አንድ ሰው ጨው የዘራበት የሚመስል መስክ ነው። ብልሃተኛ ነኝ ብዬ በጠባቡ ጫማዬ ውስጥ ሁለት ካልሲ ደርቤ፣ በእጄም ከአዲስ አበባ የገዛሁትን ስስ ጓንት አድርጌ ነበር። ሁለቱም ስሕተት ነበሩ።

ቆፈን እንዴት እንደሚይዝ ልግለጽ። መጀመሪያ የጣት ጫፍ ይነድዳል። ቀጥሎ አጥንት ውስጥ መርፌ ይገባል። ሰው በዚህ ጊዜ ይማረራል፤ ሆኖም ገና ደኅና ነው። ክፉው የሚመጣው ሕመሙ ሲጠፋ ነው። መሪውን የያዘው እጅ የእኔ መሆኑን በዓይኔ ካላየሁ የማላውቅበት ጊዜ ደረሰ። ወርጄ እጄን ተነፈስሁበት፤ ትንፋሼ ጓንቱን አረጠበው፤ ርጥበቱም ወደ በረዶ ተለወጠ።

አንድ ነገር ግን አስተዋልሁ። ዳገት ስገፋ እሞቃለሁ፤ ቁልቁለት ስነዳ እቆፍናለሁ። አየሩ ጸጥ ያለ ነበር፤ የሚያበርደኝን ነፋስ የምሠራው እኔው ራሴ ነበርሁ። ድሬዳዋ ቢሆን ያንን ነፋስ ለማግኘት ፔዳሉን ሁለት ጊዜ አጥብቄ በረገጥሁ ነበር። እዚህ ቁልቁለቱን ሁሉ በእግሬ እየወረድሁ፣ ሜዳውን ብቻ እየነዳሁ መሄድ ጀመርሁ፤ ጊዜ ወሰደብኝ።

መንገዱ ብዙ ጊዜ የበቅሎና የአህያ ዱካ ነው። ከአንድ ወንዝ ላይ ብስክሌቷን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ስሻገር አህያ የሚነዱ ጎልማሳ ቆመው አዩኝ።

«እንዴት ዋሉ ጌታው? ይህች ነገር ካልጋለቧት ምን ይሸከሟታል?»

«ስትደክም እሸከማታለሁ፣ ስደክም ትሸከመኛለች።»

«እንግዲያ ባልና ሚስት ነን በሉኛ!» ብለው አህያቸው እስክትደነግጥ ሳቁ። የጫማዬ ማሰሪያ ተፈትቶ ነበርና ላስር ብል ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ። እኒያ ሰው ሳቃቸውን ሳያቆሙ በርከክ ብለው አሰሩልኝ። ስማቸውን ጠይቄአለሁ፤ ረስቼዋለሁ፤ ይህን መርሳቴ ያሳዝነኛል።

ከቀትር በኋላ ቤተ ልሔም ደረስሁ። ይህ ስፍራ የድጓ አገር ነው፤ ከየአውራጃው የመጡ ተማሪዎች በየጎጇቸው ሆነው ዜማ ይቀጽላሉ፣ እየደጋገሙ ያጠናሉ። በሩቁ ሲሰሙት የንብ ቀፎ ይመስላል። የይኄይስ የሥጋ ዘመድ የሆኑ የድጓ መምህር ነበሩና እሳቸው ዘንድ አደርሁ። ሁሉም የኔታ ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው እላለሁ።

ቤት ስገባ እሳት አየሁና ሁለት እጆቼን ዘረጋሁ።

«ተው! ተው አንተ ልጅ!» አሉ የኔታ። «መጀመሪያ ብብትህ ውስጥ!»

ዘግይቼ ነበር። ሙቀቱ የገባበት ጣት ሁሉ እንደ ተቀጠቀጠ ሆነና እንባዬ መጣ። የኔታ ግን አልራሩልኝም።

«ዩኒቨርሲቲ ምን አስተማሩህ?»

«ምጣኔ ሀብት፣ የኔታ።»

«እንግዲያ ሙቀትህን መጥነህ አውጣ በላ!»

የገብስ ዳቦና ጠላ ቀረበልኝ። ስበላ እሳቸው ተነሥተው በደጅ የቆመችውን ብስክሌት ዞሩዋት፤ በመቋሚያቸው መሪዋን ነካ ነካ አደረጉት። ስለ ሠርጉና ስለ ግራዝማች ነገርኋቸው። ጓንቴን አዩና ናቁት።

«ጣትን ከጣት ለይተህ እያንዳንዱን ብቻውን ብርድ ላይ ታቆመዋለህ? መንጋ ተነጣጥሎ ይሞቃል? ደግሞ ይህች ፍጥረት ቀንድ አላት። እጅህን ከምታለብስ ቀንዷን አልብሳት፤ እጅህ ከዚያ ውስጥ ገብቶ ይደር!»

የተናገሩት ለሳቅ ይመስለኛል፤ ተማሪዎቹም ሳቁ። እኔ ግን መብላቴን አቆምሁ። ብስክሌቷ ዘንድ ሄጄ መሪውን ሳየው በእርግጥ ቀንድ ነበር። አሮጌ ደበሎ እንዲሰጡኝ ለመንሁ፤ ደበሎ ተማሪዎቹ የሚለብሱት የበግ ለምድ ነው። አንድ ጢማም የጎጃም ተማሪ በወስፌና በጠፍር፣ ጠጉሩን ወደ ውስጥ አድርጎ፣ እንደ ትንሽ ስልቻ ያሉ ሁለት ከረጢቶች ሰፋልኝ። ከመሪው ግራና ቀኝ አሰርናቸው። እጄን ሳስገባ መሪውንም ፍሬኑንም ከውስጥ አገኛቸዋለሁ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ ዲፕሎማ የሚሰጠኝ አይመስለኝም።

«ሠርጉ ሲያልፍ ተመልሰህ ድጓ ትማር ይሆን?» አሉኝ የኔታ ስንሰነባበት።

«የኔታ፣ ድምፄ እኮ እንደ ብስክሌቷ ፍሬን ነው።»

«ግድ የለም፤ ጩኸት ማረም ሥራችን ነው።»

ዓርብ

እጆቼ ሞቁ። ብርዱም እንደ ተሸነፈ ሰው ዝም አላለም፤ ወደ እግሬ ወረደ። ወደ ስማዳ በሚወስደው ሜዳ ላይ ስነዳ ጣቶቼ በጫማው ውስጥ ጠጠር ሆኑ። የኔታ ስለ መንጋ የተናገሩት ትዝ አለኝና፣ መንጋውን በጠባብ በረት ማጨቅም እንደማይረባው ገባኝ፤ ሁለቱ ካልሲዎች እግሬን አንቀው ደሙን ከልክለውት ነበር።

ከመንገዱ ዳር ጤፍ የሚወቁ ሰዎች አየሁ። በሬዎቹ አውድማውን ይዞራሉ፤ ወንዶቹ በመንሽ ገለባውን ያነሣሉ። ቀርቤ ጫማዬን ፈታሁ፤ አንዱን ካልሲ አውልቄ ጥቂት የጤፍ ጭድ ለመንኋቸው።

«ለፈረስዎ ነው?» አለ አንደኛው ብስክሌቷን እያየ።

«ለእግሬ ነው።»

መንሹን አቁሞ ጓደኞቹን ጠራ። «ኑ ጉድ እዩ! ብረቲቱ ገለባ አልበላ ብትል ጌታዋ በእግሩ ሊበላላት ነው!»

ተሳለቁብኝ፤ ግን ለስላሳውን መርጠው፣ እሾህ እንዳይኖርበት በእጃቸው አሽተው የሰጡኝም እነሱው ናቸው። ድሬዳዋ ጭድ የአህያ ምግብ ነው፤ ወይም ከጭቃ ጋር ተቦክቶ ግድግዳ ይሆናል። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ለጭድ አክብሮት አለኝ። ወገዳ እስክገባ ድረስ እግሬ እንደ ዳቦ ሊጥ ሞቆ ነበር።

ወገዳ ያደርሁት እመት ዘውዴ በሚባሉ ባልቴት ጠላ ቤት ነው። እንግዳ ማረፊያ የሚሆን መደብ ነበራቸው። ለብ ባለ ውኃ እግሬን ሲያጥቡ ጭዱ እየተንሳፈፈ ወጣ።

«ምነው የኔ ጌታ፣ አውድማ ላይ ነው የሚኖሩት?»

አስረዳኋቸው። ሲሰሙኝ ቆዩና እጄን ገልብጠው አዩት፤ ቆዳዬ ከድርቀቱ ተሰነጣጥቆ ነበር። «ይህን ይዘው ሙሽራ ሊያዝሉ? ቀሚሷን ይቀዱታል እንጂ!» ብለው ከጓዳ ቅቤ አመጡ። ቀኑ ዓርብ ነውና ራታችን ሽሮ ነበር፤ ለአፌ የተከለከለው ቅቤ ለእጄ ተፈቀደ። አሹኝ፤ ስንጥቁም ዝም አለ። ሲነጋም ለመንገድ ብለው እንደገና፣ ያለ ስስት፣ እስከ አንጓዬ ቀቡኝ። የእናት እጅ ነበር። በኋላ ስለሆነው ነገር እሳቸውን አልወቅስም፤ ብስክሌት ፍሬን እንዳላት ሊያውቁ አይጠበቅባቸውም ነበር። እኔ ግን አውቅ ነበር።

ቅዳሜ

ከወገዳ ወደ እስቴ ሲሄዱ ከአንድ ከፍታ ወርደው ወደ ሌላ ይወጣሉ። በመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ ልውረድና ልግፋ የሚለውን ሕጌን ጣስሁት፤ ጊዜ ለማትረፍ። ብስክሌቷ ፈጠነች። ፍሬኑን ስይዝ ጣቴ ከብረቱ ላይ ሸተት አለ። ደግሜ ያዝሁት፤ እንደ ዓሣ አመለጠኝ። እጄን ከከረጢቱ ላወጣ ብል አንጓዬ ተያዘ። ከዚያ በኋላ ያለውን የማስታውሰው በቁርጥራጭ ነው፦ ሰማይ፣ ድንጋይ፣ ውኃ። ከታች ባለው ወንዝ ውስጥ ተቀምጬ ነበር። ቀኝ እጄ ከነከረጢቱ ውኃ ውስጥ ገብቶ፣ ጠፍሩ ተበጥሶ፣ ከረጢቱን ወንዙ ይዞት ሲሄድ አየሁ። የፊተኛው ጎማ ተጣምሞ ነበር።

በአሸዋና በውኃ ቅቤውን ከእጄ ፈገፈግሁት፤ እጄም ይበልጥ በረደ። ጎማውን በጉልበቴ ተጭኜ ጥቂት አቃናሁት፤ ሲዞር አንድ ቦታ ላይ ይፋተጋል፣ ግን ይዞራል። ከጉና ተራራ በኩል ነፋስ ተነሣ። ይህ እንግዲህ እኔ የሠራሁት ነፋስ አልነበረም።

ያን ዳገት እንዴት እንደ ወጣሁት ስናገር ራሴን ማመን ያቅተኛል። አንድ እጅ በቀረው ከረጢት ውስጥ፣ አንዱ በብብቴ፤ ሲቆፍን እቀያይራቸዋለሁ። ቀኙ በግራው ከረጢት ውስጥ ሲገባ ደግሞ ጎንበስ ብዬ፣ እንደ አንካሳ እየተሳብሁ እገፋለሁ። ሜዳ ሳገኝ እነዳለሁ፤ እግሬ መቀዝቀዝ ሲጀምር ወርጄ ብስክሌቷን ይዤ እሮጣለሁ። «ቅዳሜ ፀሐይ ሳትጠልቅ» እያልሁ በእያንዳንዱ እርምጃ እደግመው ነበር፤ ይኄይስ ስለ እኔ ምሎ ነበርና። ሰው ባገኝ ምን ያህል ቀረኝ እያልሁ ጠየቅሁ፤ ሁሉም «ይቺ ናት፣ ደርሰዋል» አሉኝ። ያገሩ ሰው መንገደኛን ተስፋ ማስቆረጥ ነውር ይለዋል።

የግራዝማች ደጅ ስደርስ ፀሐይዋ የት ነበረች? ይኄይስ ጠልቃ ነበር ይላል። እናቱ እሜቴ ጥሩነሽ አልጠለቀችም ይላሉ። እኔ ብርሌ ላይ ሲያበራ ያየሁት ብርሃን ትዝ ይለኛል፤ ምናልባት የእሳት ይሆናል። የማያከራክረው ሞላ ካባውን ለብሶ በዳሱ በር ላይ መቆሙ ነው።

ይኄይስ ሮጦ አቀፈኝ። ግራዝማች ግን ከመቀመጫቸው አልተነሡም። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሽማግሌ ናቸው።

«ደርሰሃል» አሉ። «እግርህን አመሰግነዋለሁ። እጅህንስ?» ጠጅ የሞላበት ብርሌ አነሡና አንገቱን ይዘው ዘረጉልኝ። «በቀኝህ ያዝ።»

ያዝሁት። የያዝሁት መስሎኝ ነበር። ብርሌው ከጣቶቼ መካከል ወርዶ ድንጋይ ላይ ተሰበረ።

ሠርገኛው ሁሉ ወደ ስባሪው አንገቱን አሰገገ።

«እኔን! ጠጁ ምን በደለ!» አለ ሞላ ከልቡ።

«ሙሽራም የምትወድቀው እንዲህ ነው» አሉ ግራዝማች።

ከዚያ እሜቴ ጥሩነሽ መጡ። አጭር፣ ፈጣን ሴት ናቸው። ሁለቱንም እጆቼን ይዘው ከኩታቸው ሥር አስገብተው ብብታቸው ውስጥ ቆለፏቸው። ልጎትት ብል አልለቀቁኝም። በዚያው እንደ ቆሙ ወደ ባላቸው ዞሩ።

«ግራዝማች፣ ሙሽራ ብርሌ ናት? ልጆችዎ ከከብት ጥበቃ ቆፍነው ሲገቡ የት ነበር የማሞቃቸው? ይኄይስንም እዚህ ነው። ይህን ሞላንም እናቱ ስትሞት እዚህ ነው። እዚህ የገባ እጅ የልጄ እጅ ነው። ይደር፤ ነገ ይታይ።»

ሞላ መሬት መሬት አየ። ግራዝማች የብርሌውን ስባሪ በእግራቸው ወደ ጎን ገፉት።

«ይደር» አሉ በመጨረሻ። «ካባውንም ስጡት። ሞላ ግን ነገ ከኋላው ይሂድ፤ እጁን ዘርግቶ።»

እሑድ

እንደ ሌላው ሠርገኛ በበቅሎ ሄድሁ፤ የይኄይስ አጎት በቅሎ ተገኝቶልኝ። የተረፈችውን አንዷን ከረጢት ከመሪው ፈትቼ ሁለት እጆቼን በእሷ ውስጥ አድርጌ ነበር። የሙሽራይቱ ቤት ደርሰን ልጃገረዶቹ በሩን ዘግተው ሲዘፍኑ ወሬው ቀድሞኝ መድረሱን አወቅሁ፤

«ብረት ጋላቢ ባለ ስልቻ፣
እጅህን ደብቀህ አትብላ ብቻ!»

ሳቅሁ፤ እጄን ግን አላወጣሁም።

ምግቡን፣ ምርቃቱን፣ የማን ንግግር እንደ ረዘመ አልዘረዝርም፤ በሌላ ሠርግ ላይ ካየሁት ጋር ተደባልቆብኛል። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅና ያ የጉና ነፋስ እንደገና ሲነሣ፣ ሙሽራይቱን የምናወጣበት ሰዓት ደረሰ። የሺ ትባላለች፤ ፊቷ ተሸፍኗል። ከረጢቷን አስቀምጬ ጀርባዬን ሰጠኋት፤ በሴቶች ተደግፋ ታዘለችኝ። እጆቼን ወደ ኋላ አድርጌ እግሮቿን ያዝሁ።

እግሮቿ እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዝቅዘው ነበር። የእኔ እጅ መሞቁን ያወቅሁት በዚህ ነው። እያንዳንዱ ጣቴ ምን እንደያዘ ያውቃል።

«እንዳትጥለኝ» አለችኝ በጆሮዬ፣ በሹክሹክታ።

«አልጥልሽም፣ እኅቴ።»

ይህን ቃል ለሰው ብዬ አላውቅም ነበር። ከደጃፉ እስከ በቅሎዋ ያለው ድንጋያማ መንገድ አጭር ነው ይላሉ፤ ለእኔ ከወገዳ እስከ እስቴ ካለው ይረዝም ነበር። ከኋላዬ የሞላ እርምጃ ይሰማኛል፤ ሁለት ትላልቅ እጆቹን እንደ መሶብ ዘርግቶ ይከተለኛል። ኮርቻው ላይ አስቀመጥኋት፤ እግሮቿንም በከረጢቷ ውስጥ አስገብቼ ጠፍሩን ቋጠርሁ። ቋጠሮው ከያዘ በኋላ ቀና አልሁ።

ግራዝማች አየለ በበቅሏቸው ላይ ሆነው ቋጠሮውን ሲያዩ ነበር። ገና እጁን ዘርግቶ ወደቆመው የወንድማቸው ልጅ ዞሩ።

«ሞላ፣ አንተ እጅህን ሰብስብ፤ ብርድ ይመታሃል።»